ከአጠገቤ ያለው ወንበር

እሑድ

አዲሱ ሰውዬ ዛሬም አልሠራም። ኮምፒውተሩን ይከፍታል፣ ሻይ ያዛል፣ ከዚያ ዝም። ኡስማን ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽቶ መጥቶ ይቺን የሰሊጥ መጋዘን የጋራ መሥሪያ ቤት ካደረጋት ወዲህ፣ ወንበር ተከራይቶ የማይሠራ ሰው አላየሁም። መብራት በሚጠፋበት ገዳሪፍ የኛ ሶላርና ኔት ወርቅ ነው፤ ለወንበር ተራ ይጠበቃል። እሱ ግን ሙባረክ እባላለሁ፣ ነጋዴ ነኝ ብሎ ከአጠገቤ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

"የምን ነጋዴ ነው?" አልኳት ሰብለን በአማርኛ። ሰብለ የሠርግ ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ትነድፋለች፣ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል። "የዝምታ" አለችኝ። ሳቅን። ቀና እንኳ አላለም። አማርኛ ይሰማ እንደሆን የመጣ ቀን ኡስማን ጠይቆልናል፤ "ወላ ከሊማ" አለ፣ አንዲት ቃል እንኳ አልሰማም ማለቱ ነው።

ሰኞ

ዝናብ ሲወርድ ዋለ። ባትሪው ደከመ። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ገመዱን መንቀል አለበት፣ ደንባችን ነው። የጭነት መኪናና ባለእህልን በስልክ የሚያገናኝ መተግበሪያ የሚሠሩት ሁለቱ የካርቱም ልጆች "ስብሰባ አለን" ብለው ለመኑ። እኔ ነቀልኩ። የኔ ሥራ የተቀዳ ድምፅ በጽሑፍ መገልበጥ ነው፣ ትንሽ ቢቆይ አይሞትም። ሙባረክም ማንም ሳይጠይቀው ነቀለ። ጥሩ ሰው ይሆን እንዴ?

ወንድሜ ሞላ በኔት ደወለ። ከእርሻ አራሚዎች ጋር ተቀላቅሎ ከመተማ በገላባት ከገባ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። እዚያ ማዶ ጠመንጃ ያዝ ሲሉት እምቢ ብሎ ነው የወጣው። ወረቀት የለውም። ከሻ ቢመጣ፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን አፍሶ ሲጭን ማለቴ ነው፣ ወስደው የሚያወርዱት ድንበሩ ላይ ነው። የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ እዚያው ናቸው።

ድምፁ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። "ፋው ከተማ? ገበያው ጀርባ? የቆርቆሮው ግቢ?" እያልኩ ጮህኩ። ማን ሊሰማኝ? እኔና ሰብለ እዚህ ቤት በአማርኛ ያላወራነው ነገር የለም፤ የባሎችን ሐሜት ሳይቀር።

ማክሰኞ

ሁለት ሰዎች መጡ። የደንብ ልብስ የላቸውም። ኡስማንን በር ላይ አቁመው አነጋገሩት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "ያ ኡኽቲ" አለኝ፣ እኅቴ ማለቱ ነው፣ "ፈቃድ ስለሌለው ኔታችን ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ስለ ኔቱ አንድም ነገር አላነሡም። ሐበሻ አለ ወይ፣ ከየት ይደወልላቸዋል ነው ያሉኝ።"

እኔ ወረቀት አለኝ፣ እንደ ሞላ አገር ቤት ሳይሆን እዚሁ ተወልጃለሁ። ምን ያስፈራኛል? ግን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። አንዱን ድምፅ ደጋግሜ ሰምቼ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ረቡዕ

ሙባረክ አልመጣም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ባሰብኝ። ከማን ጋር ይሆን ዛሬ የዋለው?

ሰብለ ገበያ የሰማችውን ነገረችኝ፦ ኒው ሀልፋ ላይ ከሸንኮራው እርሻ ሐበሻ በሎሪ ተጭኗል። "ወደኛ አይመጣም ባክሽ" አለች። ራሷም አላመነችውም። የሠራሁት ሥራ ስሕተት በዝቶበት ተመለሰብኝ። ሞላን ልደውልለት ብዬ ተውኩት፣ ምን እለዋለሁ?

ሐሙስ

የዐስር ሶላት ሲደርስ ወንዶቹ ወደ መስጊድ ወጡ። ሰብለ ማተሚያ ቤት ሄዳለች። ሙባረክ ግን ቀረ። ኮምፒውተሩን ዘጋ። ዓይኑ እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ነው።

"እታለም" አለኝ። "ወንድምሽ ዛሬ ሳይመሽ ከዚያ ግቢ ይውጣ።"

ጥርት ያለ የጎንደር አማርኛ! ለካ ሁሉን ሰምቷል። ያወራነው ሁሉ፣ የሳቅንበት ሁሉ፣ ሰኞ የጮህኩት። ፋው፣ ገበያው ጀርባ።

"አማርኛ ትሰማለህ?"

"እናቴ የጭልጋ ሰው ነበረች" አለ። ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ከማን ጋር እንደሚሠራ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀውስ ይነግረኝ ኖሯል?

ከነሱ አንዱ ቢሆንስ? ሞላን ከግቢው አስወጥቶ መንገድ ላይ ሊያስይዘው ቢሆንስ? ዝም ብል ደግሞ፣ እውነቱን ቢሆንስ? ሰው እንዲህ ሲጨንቀው እናቱን ይጠራል፣ እኔም ጠራኋት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ። "ውጣ፣ በመኪና መንገዱ ግን አትሂድ፣ በመስኖው ቦይ ዳር" አልኩት። "ማን ነገረሽ?" አለኝ። "ዘመድ" አልኩት። አብረውት ላሉትም ንገራቸው ብዬ ለመንኩት።

ዓርብ

መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው። እቤት ሆኜ አንዴ እነሣለሁ፣ አንዴ እቀመጣለሁ። ረፋድ ላይ ሰብለ መጣች፣ አክስቷ ፋው ነው የምትኖረው። የቆርቆሮው ግቢ ጎሕ ሲቀድ ተከቧል። ማታውኑ የወጡ አሉ፤ ወሬ ነው ብለው የተኙት ግን ተጭነዋል። ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ አክስቷ አታውቅም።

ጮሄ የነገርኩት እኔ ነኝ። በኔ አፍ መጥተው ከሆነስ? ሰብለ "ተይ" አለችኝ። አብራኝ አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሞላ ነው! ድምፁ ሰልሏል። "ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ" አለ። የት ነህ ልለው አፌን ከፈትኩ። የግቢያችን በር ክፍት ነው፣ ሰው ያልፋል፣ ያገድማል።

"ያለሁት እኮ..." ብሎ ሊቀጥል ሲል አቋረጥኩት።

"አትንገረኝ" አልኩት።