ተማሪን ለብቻው ያስቀመጡት የመምህር ሌንጂሳ ኦሊቃ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሌንጂሳ ኦሊቃ ከአባታቸው ከአቶ ኦሊቃ ገመዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቂ ፊጤ በ1960 ዓ.ም. ከጌዶ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። በጌዶና በአምቦ ተምረው በሒሳብ መምህርነት ተመረቁ፤ በምዕራብ ሸዋ ልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶችም አገለገሉ። በ1994 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሮማነወርቅ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን መቲን ወለዱ።

በመጨረሻ በተመደቡበት በቡርቃ ሎሚ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በአንድ ጎበዝ ዙሪያ እንዲያጠኑ የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» እየዋለ እያደረ በፈተናም አብሮ መቀመጥ ሆኖ ቆያቸው። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይኮርጃሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ይልካሉ። በ2013 ዓ.ም. መምህር ሌንጂሳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ በአንድ ለያይተው ፈተኑ። አብዛኛው ወደቀ፤ መቲም ወደቀች።

ርዕሰ መምህሩ ማርኩ እንዲስተካከል ጠየቋቸው። «ኦቦ ሌንጂሳ፣ ልጅዎም እኮ እዚያ ውስጥ ናት። ለእሷ እንኳ አያዝኑም?»

«አዝኜላት ነው ለብቻዋ ያስቀመጥኳት» አሉ።

በማግስቱ ከማስተማር ተነሥተው የቤተ መጻሕፍቱን አቧራ እንዲጠብቁ ተደረገ። ማርኩን ሌሎች አስተካከሉት። «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ተሰቀለ፣ ሰንጋም ታረደ። መቲ ግን በአባቷ ውሳኔ ክፍሉን ደገመች፤ አንድ ሙሉ ክረምትም አኮረፈቻቸው።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ከዚያ ከታረደለት ክፍል አንድም ተማሪ አላለፈም። ያኔ «ኦቦ ሌንጂሳ፣ ይምጡና ያስተምሩልን» ተባሉ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። እሳቸውም ሳይጠብቁ ገቡ። በዓመቱ መቲን ጨምሮ ጥቂት ልጆች አለፉ፤ ትምህርት ቤቱም የእኔ ውጤት ነው ብሎ ፎቶ ተነሣበት።

መምህር ሌንጂሳ የስኳር ሕመም ጸንቶባቸው መቆም ሲያቅታቸው ወንበር አስመጥተው አስተማሩ። ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጃቸው ከኋላቸው ቀርተዋል።

ሩቅ መንገድ መጥታችሁ ለቀበራችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ትምህርት ቤቱ በአስከሬናቸው ላይ ሊያነበው ያዘጋጀውን የምስጋና ሰርተፍኬት ቤተሰቡ አልተቀበለም። ሊያጽናናን የሚወድ አለቃ ካለ፣ ነገ ሰኞ ለሒሳብ ክፍለ ጊዜያቸው አስተማሪ ይመድብ።

የደከመ ሰውነታቸውን አፈሩ ያቅልልላቸው፤ ነፍሳቸውን ጌታ በቸርነቱ ይቀበልልን።