ሚኒሞ አልይዝ ያለው መጋዝ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሻዬ ውስጥ ሰጋቱራ ገባ። አንድ ሁለት ፍንጣሪ ቢሆን ዝም እል ነበር። ማንኪያ ሙሉ! ይህ ለማን አቤት ይባላል? የእህቴ ልጅ ሀዊ ዛፍ ስትቆርጥ ውላ ስትመጣ ልብሷን የምታራግፈው እኔ በር ላይ ነው። ነፋሱም ያው እሷን ደግፎ ወደ ብርጭቆዬ ይነዳዋል። ጠጣሁት እንግዲህ። ጥድ ጥድ ይላል።

“ለሆድ ጥሩ ነው ጋሼ” አለችኝ፣ ሳታፍር።

ለነገሩ ሻዩ ሰበብ ነው። ያሳሰበኝ የሞተር መጋዟ ነው። ነዳጁን ጨክነው ሲሰጡት ይጮኻል፣ ይቆርጣል፣ ምንም አይል። እጅ ሲለቁለት ግን... ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ ጭጭ። መኪና ቆሞ ሲጠብቅ ቀስ ብሎ እንደሚያንኮራፋው፣ ያቺን ሚኒሞ አይዝም። ዛሬ ዛፍ ላይ እንዳለች ደጋግሞ ጠፋባት። ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደገና ማስነሣት ቀልድ አይደለም።

እኔ ግን ቀለድኩ። “አሳሳብሽ ነው። የማስነሻው ገመድ የፍየል ገመድ መሰለሽ እንዴ? አክብረሽ ሳቢው።”

“በቃ ተወኝ ጋሼ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሰንጋ ተራ ሙከራ አለብኝ።”

እሱ ነው ነገሩ። አንድ የቢሮ ሕንፃ የግቢውን ዛፎች የሚከረክምለት ሰው ይፈልጋል። ኃላፊው አቶ ኢያቄም አንድ ቀን ሥራዋን አይቶ ከወደደው የዓመት ሥራ አገኘች ማለት ነው። ካልወደደውስ? ለእናቷ ቃል ገብታለች። ክረምቱ ሳይገባ ቋሚ ሥራ ካላገኘች መጋዙን አስቀምጣ ወደ ፋርማሲው ካሸርነት ትመለሳለች።

እናቷ ሸዋአየሁ ታላቅ እህቴ ናት። መጋዙን ገዝቼ ለሀዊ የሰጠኋት ቀን፣ “ልጄን ዛፍ ላይ የሰቀልካት አንተ ነህ!” ብላኝ ላንቻ ወዳለው ቤቷ ሄደች። ከፋሲካ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አወጣሁ። ጠቁሯል። ቦረሽኩት። የአየር ማጣሪያውን አጠብኩ። ያው ነው። ሳል፣ ሳል፣ ጭጭ።

መለዋወጫ የሚሸጠው ሙሐሲን ከሱቁ ወጥቶ ራሴ ላይ ቆመ። “ወልዴ፣ ይሄ ነገር ጠበል ነው የሚያስፈልገው።”

“አንተ ደግሞ ስለ ጠበል ምን አገባህ?”

“ጎረቤት ነኝ፣ ያገባኛል።”

በመጨረሻ የሚኒሞውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ጠበቅ አደረግሁት። ደግሞ ትንሽ። ደግሞ... አልጠፋም! በራሱ ይንጫጫል። ሙሐሲንን “ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር በለኝ” አልኩት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ሀዊ ደስ ብሏት ይዛው ሄደች። ክትፎ ልትጋብዘኝ ቃል ገብታለች። እንዳላመንኳት ይመዝገብልኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሱሪዋ ጉልበቷ ጋ ተቀዶ መጣች። ቆዳዋን አልነካትም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልነካትም።

መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ “እጄን ለቅቄም ሰንሰለቱ ይዞራል” አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

“እንደው ትንሽ ነው የጨመርኩት እኮ...”

“ጋሼ፣ እርስዎ ታች ነዎት። እኔ ላይ ነኝ።”

እርስዎ የምትለኝ ስትናደድ ነው። ሌላ ጊዜ አንተ ነኝ።

ልክ ናት። ብሎኑ ሲጠብቅ ሞተሩ በዕረፍቱም ይፈጥናል። ከፈጠነ ሰንሰለቱን ይዞት ይሄዳል። እኔ እንዳይጠፋ ብቻ ነበር የፈለግሁት። በሽታውን ትቼ አፉን አፈንኩለት። በዚያ ላይ ዶክተር በሉኝ አልኩ!

ብሎኑን ወደ ነበረበት መለስኩ። መጋዙ ወዲያው ጠፋ። ራት አላሰኘኝም። ሸዋዬ ትክክል ብትሆንስ? ልጅቱን ዛፍ ላይ ያወጣኋት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ እንደኔ እልኸኛ ስለሆነች ደስ ብሎኝ? አላውቅም...

እሑድ፣ ግንቦት 10

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈታሁት። አሁን ሳልቀልድ አሰብኩ። ሲጮኽ ደህና ነው፣ ስለዚህ ትልቁ መንገድ ክፍት ነው። የሚሞተው ሲያርፍ ነው። የዕረፍት ነዳጁ የሚያልፍባት ቀዳዳ ደግሞ ከመርፌ ጫፍ ታንሳለች። ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል?

በማጉያ መነጽር አየሁ። ነጭ ነገር። በስፕሬይ ነፋሁባት፣ ወጣ። ክር። የጥጥ ክር።

ጥጥ ቤንዚን ውስጥ ምን ይሠራል?

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ። ወይኔ ወልደአረጋይ!

የዛሬ ዘመን ቤንዚን ቆሻሻ ነው ብዬ ለሀዊ በአሮጌ ነጠላዬ ነው የማጠልላት። እናታችን ጠጁን በጨርቅ አይደል እንዴ የምታጠልለው? ታንከሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ማጣሪያ ያረጀች ጊዜ እንኳ አውጥቼ ጣልኳት። “የወልዴ ነጠላ እያለ የፋብሪካ ማጣሪያ!” እያልኩ። ነጠላው ለካ አርጅቶ ክሩን ይለቃል። እኔ በጥንቃቄ አጠልላለሁ፣ መጋዙ ጥጥ ይጎርሳል። ልጅቱን ደግሞ “አሳሳብሽ ነው” እላለሁ።

ቤንዚኑ ነው ልላት አስቤ ነበር። ለቤንዚን ማን ይከራከርለታል? ግን ያ ሱሪ ዓይኔ ላይ መጣ።

ማታ ልታይ ስትመጣ ክሩን በጣቴ ጫፍ ይዤ አሳየኋት።

“ከየት ነው?”

“ከነጠላዬ።”

አየችው። እኔን አየችኝ።  

“መጋዙን ነጠላ አልብሰህ ቅዳሴ ልትልከው ነበር?”

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፣ ግን ቶሎ አቆመች። “ጋሼ፣ ከእንግዲህ የምትነካውን ነገር አስቀድመህ ንገረኝ። እሺ?” እሺ አልኳት። ምን ሌላ እላለሁ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ወሬው ካዛንቺስን አዳርሷል። የፈረሰው ፈርሶ፣ የሄደው ሄዶ ሰፈሩ ግማሹ አጥር ሆኗል፤ ለወሬ ግን አሁንም ሰው አይጠፋም። ሙሐሲንን የታንከሩን ማጣሪያ ስጠኝ ስለው፣ “ነጠላ አልቆብኛል፣ ማጣሪያ ብቻ ነው ያለው፣ ይሁንልህ?” አለኝ። ሀዊ ናት የነገረችው። ይገባኛል፣ አልተናደድኩም።

ገጠምኩት። ሀዊ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔም ሳልነካ ነገርኳት። ብሎኑን ራሷ አስተካከለችው። አስነሣችው። ጮኸ። እጇን ለቀቀች።

ሰንሰለቱ ቆመ። ሞተሩ ግን አልቆመም። ዝቅ ብሎ፣ እኩል እኩል ይተነፍሳል። ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ አዳመጥነው። መጮኽ ማንም ይጮኻል፤ ዝቅ ብሎ መቆየት ነው... ሰውም እንዲሁ ነው ልል ነበር። ተውኩት። እኔ ስብከት ከጀመርኩ ሙሐሲን ሰፈር ይለቃል።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ነገ እንዳልመጣ ለመነችኝ። “አንተ ታች ሆነህ ስታስቀኝ እወድቃለሁ።” አልመጣም አልኳት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ሄድኩ።

ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ኪዮስክ ኋላ ቆምኩ። ቅጠሉ ሸፍኗት አትታይም። ግን ይሰማል። ይጮኻል፣ ቅርንጫፍ ይወድቃል፣ ዝቅ ይላል። ዝቅ ባለ ቁጥር ልቤ አብሮት ዝቅ ይላል። አሁን ይጠፋል... አሁን... አልጠፋም። አንዴም አልጠፋም። ባለ ኪዮስኩ “አባት፣ አመመዎት እንዴ?” አለኝ። ለካ ዓይኔን ጨፍኛለሁ።

ሳልታይ ሹልክ ብዬ ተመለስኩ። ማታ ደወለች። አቶ ኢያቄም ግቢውን ዞሮ አይቶ፣ “ሰኞ መጥተሽ ውሉን ፈርሚ” ብሏታል። “ለእማዬ ግን አልነገርኳትም” አለች። “እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።”

እኔም አላውቅም። ሸዋዬ ስልኬን አታነሣም።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ከሰዓት ነው። ዝናቡ አስፈራርቶ ቀረ። ሀዊ ግቢው ውስጥ መጋዙን ትወለውላለች፤ እኔ እዚህ እጽፋለሁ። ዛሬ አንድም ጊዜ አላዘዝኳትም። አለማዘዝ እንዲህ ያደክማል እንዴ? ለእናቷ ምን እንደምትላት...

የግቢው በር ይንኳኳል። በእጅ አይደለም፣ በጃንጥላ ነው። እንዲህ የሚያንኳኳ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው።

“ወልዴ! ክፈት እንጂ! ትናንት ከኪዮስኩ ኋላ ተሸሽገህ አይቼሃለሁ!”

አየችኝ? እሷስ የት ቆማ ነበር?

በመስኮት አያለሁ፤ የሀዊ እጅ ቀጥ አለ። ጨርቁ ወደቀ።

“የኛ ግቢ ግራር ቆርቆሮውን ሊበሳው ነው” ትላለች ሸዋዬ ከበሩ ማዶ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። “ልጅቱ መቼ ይመቻታል?”

እኔ አልከፍትም። ልጅቱ ትክፈትላት።