ሦስተኛው ማሽን ቆሟል

ውድ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ሳልህም የወንበርህ መንቋቋትም ይሰማኛል። በርህን ሳንኳኳ ግን አትከፍትም። ትናንት ሚስትህ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይሂዱልን። ባሌን ከገመድ አሳንሰውታል» አለችኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ወረቀት በበር ሥር ያልፋል።

የገመድ ፋብሪካችንን የሙከራ ሪፖርት ፈርሜያለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ሦስተኛው ማሽን፣ ያንተው ማሽን፣ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ የስንብት ደብዳቤህንም እንድፈርም ይፈልጋል። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቶኛል።

እንደምታውቀው ከየማሽኑ አሥር አሥር ገመድ አውጥቼ እስኪበጠሱ ጎተትኳቸው። «ድልድዩ» የምንለው ቁመታም ልጅ በአንደኛው ማሽን የሠራቸው ገመዶች በአማካይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ኪሎ ተሸከሙ። የሁለተኛው ማሽን ሁለት ሺህ ዘጠና። ያንተ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። «አማካይ መቼም እኩል ሆኖ አያውቅም» ትለኛለህ፤ ልክ ነህ፣ ያስተማርኩህም እኔ ነኝ። ከአንድ ማሽን የወጡ ገመዶች እንኳ እርስ በርሳቸው አይተካከሉም፤ አንዱ ይጠነክራል፣ ሌላው ይላላል። ስለዚህ በማሽኖቹ መካከል ያለው ልዩነት በየማሽኑ ውስጥ ካለው መበታተን ጋር ይመዘናል። ሽፋኑ ከተገነጠለው መጽሐፍ ለብቻዬ ታግዬ የተማርኩት የቫሪያንስ ትንተና ይኸው ነው። አንዱን ለሌላው ሳካፍል የሚመጣው ቁጥር ከሦስት ነጥብ ሦስት አምስት ካላለፈ ማንም አይነካም ብለን ከሙከራው በፊት ወስነናል። ሦስት ነጥብ አምስት መጣ። ይህ ቁጥር ሦስቱ እኩል አይደሉም ይላል እንጂ ማን ከማን እንደሚለይ አይናገርም፤ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ሳነጻጽር ግን ልዩነቱ የወጣው በድልድዩና በአንተ መካከል ነው። የፋብሪካው ኢንጂነሯም ለብቻዋ አስልታ ያንኑ አገኘች።

የነገርኩህ ዕለት የሙከራው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ጋሼ፣ ለዚህችው ነው እንዴ? ይቺ ልዩነት ናት?» አልከኝ።

«ድንበሩን አልፏል።»

«ጥፍር ታህል!»

«በጥፍርም ቢሆን አልፏል።»

«እሺ፣ ሌላ አሥር ገመድ ውሰድና በጥስ። ማን ያይሃል?»

«እኔ አያለሁ።»

ሳቅክ። «አንተማ እናታችን ዳቦ ስትቆርስልን እንኳ በዓይንህ ትመዝን ነበር» አልክ። ከዚያ ሳቁ ፊትህ ላይ ደረቀ፤ ወጥተህ ሄድክ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ አልገባህም።

ለምን እምቢ እንዳልኩህ ታውቃለህ። ድልድዩን ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በፊት በነበረው ሙከራ ሊያባርረው ተነስቶ ነበር። አማካዩ ዝቅ ብሎ ነበርና። ትንተናው ግን ከሌሎቹ ይለያል የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ሰውየው «ሌላ ናሙና አውጣ» ሲለኝ፣ «እርስዎን ደስ የሚያሰኝ ውጤት እስኪመጣ ስበጥስ አልኖርም» አልኩት። ለአንድ ጥያቄ አንድ ናሙና የሚለው ደንብ የዚያን ቀን ጸደቀ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብከው አንተ ነህ። ዛሬ ያው ደንብ በሩን በራሴ ላይ ዘጋው። ደንቡን ብጥስ፣ ሥራ አስኪያጁ ነገ ያልወደደውን ሰው ለማባረር አሥር ጊዜ ናሙና ያስወጣኛል፤ የምመልስለት ቃል አይኖረኝም። ባከብረው አንተን ይወስድብኛል። ፎቅ ላይ በዚያ ገመድ የሚንጠለጠሉ ቀለም ቀቢዎችም አሉ። መስኮት በሌለው በዚያ ክፍል ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ ዋልኩ። መውጫ አጣሁ፤ ከዚያ ፈረምኩ።

ዛሬ ጠዋት ኢንጂነሯ መጥታ ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ በሦስተኛው ማሽን ሌላ ሰው ሠርቶ ያውቃል?»

«ወንድሜ ማሽኑን ለማን ሊያስነካ! ዘይቱን እንኳ ራሱ ነው የሚቀባው።»

«ታዲያ የደከመው ማሽኑ ይሁን ሰውየው በምን አወቁ?»

አላወቅኩም። ትንተናው ይለያያሉ አለኝ እንጂ ለምን እንደሚለያዩ አልነገረኝም። አንተና ማሽኑ ተለያይታችሁ ስለማታውቁ እናንተን ነጥሎ የሚያሳየኝ ቁጥር የለም። ከማሽኑ ለይቶ አንተን የሚከስ ማስረጃ በእጄ ሳይኖር ነው ስንብትህን ፈርም የሚሉኝ።

አንድ መንገድ አለ። አንተ በድልድዩ ማሽን፣ ድልድዩ በአንተ ማሽን ትሠራላችሁ። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ደንቡን አይጥስም። ድንበሩንም ገመድ ሳንነካ በፊት እንወስናለን። ድልድዩን ጠየቅኩት፤ «ወንድምዎ ይምጡ እንጂ፣ ማሽኔ ቀርቶ ምሳዬንም እሰጣቸዋለሁ» አለ። ሥራ አስኪያጁም እያጉረመረመ እሺ ብሏል። የቀረኸው አንተ ነህ። ከማሽንህ እንደማትነሳ ስንት ጊዜ እንደማልክ አውቃለሁ። እልኸኝነት ከአንድ ቤት ነው የወሰድነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። በቀደም በርህን ልትከፍት ቁልፉን ስታስገባ ጣትህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ማየት ማስረጃ አይሆንም። ግን አይቻለሁ። አንተም ይህን ፈርተህ ይሆን የተደበቅከው እያልኩ አስባለሁ፤ ብጠይቅህ ደግሞ አትነግረኝም።

ካልመጣህ፣ ባላወቅኩት ነገር ስንብትህን አልፈርምም። እነሱ ግን ያለ እኔ ይጽፉታል፤ በስምህም ላይ ጥርጣሬ እንደተለጠፈ ይቀራል። ከመጣህ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሊሆን ይችላል፤ የእጅህም ሊሆን ይችላል። የእጅህ ከሆነ እፈርማለሁ። አትለምነኝ። ከፈረምኩ በኋላ ግን ኮቴን አንስቼ አብሬህ እወጣለሁ። መንገዱን ሙሉ ብትሰድበኝም ከጎንህ አልለይም።

የማይታጠፈው
ታላቅ ወንድምህ