ለውባለም የተሰጠ ካልሲ

ልጄ ሚልካ፣ ሸዋረገድ ዛሬ ጠዋት ለልጇ ለውባለም ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሰጥታኝ ሄደች። «ፍራንክፈርት የሚሄድ ሰው ስታገኚ ላኪልኝ፤ የኔ ልጅ ብርድ አትችልም» አለችኝ። ተቀበልኳት።

ጌታ ፊቱን ያብራልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ሳል ቀንሷል። ውባለም መሞቷን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ያልሰማችው እናቷ ብቻ ናት። እኔም በየቀኑ አብሬያት እስቃለሁ።

ሦስት ቀን ጾማችሁ፣ በዚያ በረዶ ፌልድበርግ ተራራ ላይ ለጸሎት መውጣታችሁን አብሯችሁ የነበረው ጉዲና ለወንድሙ በስልክ ነግሮታል። ውባለም ያደረገችው ስስ ሸራ ጫማ ነበር አሉ። ደክሟት ስትቀመጥ፣ «እምነት የለሽም፤ አታዘግዪን፣ ተመለሺ» ያልሻት አንቺ ነሽ ይላል። ብቻዋን ወረደች። በማግስቱ ዛፍ ሥር ተገኘች።

እኔ ሥራ ስውል አንቺን ከውባለም ጋር እያጎረሰች ያሳደገችሽ ሸዋረገድ ናት።

ጌታ ያበርታሽ፤ ልብስ ደርቢ፣ እህልም ቅመሺ። አስከሬኗ እሑድ ይገባል። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለሸዋረገድ የሚነግሯት ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው፤ እኔም አብሬ እገባለሁ። «ልጄን ብቻዋን ማን መለሳት?» ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው። ምን እንደምመልስላት እስከ ዓርብ ጻፊልኝ።

እናትሽ