ሁለት ጓርኒሲዮን የደረብኩበት ሞተር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አንደበቷ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከጀርባዬ ቆማ «ደውልላት እንጂ፣ በዚህ ዘመን ደብዳቤ ይጻፋል?» ትለኛለች። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ?» ካልኩ በኋላ ወሬ እንደሚያልቅብኝ ታውቂያለሽ። ዛሬ የምነግርሽ ብዙ ነው። ግማሹ ጉራ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከዓመት በፊት ልነግርሽ ይገባኝ የነበረ ነገር ነው።

የጥርስ ሐኪሙን መኪና መቼም አትረሺያትም። ያችን ትንሽ አሮጌ መኪና ቱርቦ አስገጥሜ ዳገት ልወዳደርባት ብሎ ያመጣት ቀን ሁለታችንም እንደ ሕፃን ነበር የፈነደቅነው። ቱርቦው አየሩን በግድ እያጨቀ ስለሚያስገባ ሞተሩ ራሱ የሚያምቀውን መቀነስ ነበረብን፤ ከአስር ለአንድ ወደ ዘጠኝ ለአንድ። እስከዚህ ተስማምተናል። እኔ እንደ ልማዴ በሞተሩ ብሎክና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መሀል የምትገባዋን ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኗን፣ ሁለት ደርቤ ላስር ተነሳሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንዲያ ነው። ቴስታታው ከፍ ይላል፣ ቦታው ይሰፋል፣ እምቅታው ይወርዳል፣ አለቀ።

አንቺ ግን እጄን ያዝሽ። «አባዬ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ የምታሰፋው ግን ያለቦታው ነው» አልሽኝ። ጣትሽን በፒስተኑ ጠርዝ ዙሪያ እያዞርሽ፣ «እዚህ ጋ ክፍተቱ ጠባብ ሲሆን ነው ነዳጁ ወደ መሀል ተገፍቶ ቶሎ የሚነደው። ካሰፋኸው ጠርዝ ላይ የቀረው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ጓርኒሲዮኗ አንድ ትሁን፤ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ፒስተን እናስገባና ልኩን በዚያ እናውርደው» አልሽ።

እኔስ ምን አልኩ? «ዘጠኝ ያው ዘጠኝ ነው! እስቲ መጀመሪያ እጅሽ ይጥቆር!» ያውም ሐኪሙና ጎረቤታችን ጎማ ጠጋኙ እየሰሙ። ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር ሲጠቁር የኖረ እጅ ነበር እኮ። ጎማ ጠጋኙ ከት ብሎ ሳቀ። አንቺ ፊትሽ ቀላ፤ ቢሆንም ቡሎኖቹን በየተራቸው፣ አንድም ሳትዘልዪ፣ አጠበቅሽልኝ።

መኪናዋ ሦስተኛው ዳገት ላይ ማንኳኳት ጀመረች፣ ከዚያ ቆመች። ተጎትታ ስትመጣ ገና ሳልከፍታት ሐኪሙን «የቀዳኸው ቤንዚን ነው ጉድ የሠራህ» አልኩት። ያኔ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ልታጋልጪኝ ትችይ ነበር፤ ዝም አልሽ። በሁለተኛው ሳምንት «ሥራ አግኝቻለሁ አባዬ» ብለሽ ሻንጣሽን ያዝሽ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ትልቅ ድርጅት ጠርቷት ነው እያልኩ ሳወራ ከረምኩ።

ሐኪሙ ተናዶ መኪናዋን እኛው ግቢ ትቷት ነበር። አንድ ጠዋት ለብቻዬ ቴስታታዋን አነሳሁት። የአራቱም ፒስተኖች መሀል ንጹሕ ነው። ጠርዛቸው ግን ዙሪያውን አይጥ የበላው ይመስላል፤ ልክ አንቺ ጣትሽን ባዞርሽበት። አንደኛው ጭራሽ ተሰንጥቋል። የዘይት በርሜሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ ልጄ። ካፈርኩ በኋላ ግን ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ኮራሁ። ሳትከፍቺው ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከፍቼው ነው ያየሁት።

ከዚያማ ተማሪ ሆንኩልሽ። ልጆች የሚጫወቱበትን ለስላሳ ጭቃ ገዛሁ፤ ሻጯ «ለልጅ ልጅዎ ነው?» ስትለኝ «አይ፣ ለራሴ ነው» አልኳት። ፒስተኑ ላይ ለጥፌ፣ ቴስታታውን አስሬ፣ ሞተሩን በእጄ አዙሬ የተጨፈለቀውን ጭቃ በምላጭ ቆርጬ ለካሁ። ሁለት ስደርብ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በአንዷ አንድ ሚሊሜትር ከትንሽ ሆነ። መሀላቸው የጎደጎደ ፒስተኖች አስመጣሁ፤ ጉድጓዱን በሐኪም መርፌ ዘይት እየሞላሁ ለካሁት። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ዘጠኝ መጣልኝ። ብቻዬን «ዘጠኝ!» ብዬ ስጮህ እናትሽ ከቤት ሮጣ ወጣች።

ሞተሩን በአንዲት ጓርኒሲዮን ገጥሜ ስጨርስ ሐኪሙን አስጠራሁት። ጎማ ጠጋኙም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቤንዚኑ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄ ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም» አልኩት። ሐኪሙም «እኔ ደግሞ ያንን የማደያ ሠራተኛ ስንቴ ሰድቤዋለሁ መሰለህ ጋሼ!» አለኝ። ይቅርታ ሊጠይቀው ይሂድ አይሂድ አላውቅም። ዳገቱን አብሬው ወጣሁ። ቀበቶዬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጆሮዬን ሞተሩ ላይ ጥዬ እስከ ጫፍ ድረስ ማንኳኳት ጠበቅኩ፤ አንዲትም አልሰማሁም። ሐኪሙ እየሳቀ ሲያየኝ እኔ ዓይኔን እየጠረግኩ ነበር።

ልጄ፣ በሰው ፊት አዋረድኩሽ፤ ከዚያም በውሸቴ ውስጥ ዝም ብለሽ እንድትቆሚ አደረግኩሽ። ሁለተኛው ይብሳል። ይቅር በይኝ። በአዲሱ መሥሪያ ቤትሽ የሞተር ክፍሉ ኃላፊ መሆንሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስታዬን ደብቄ «ይገባታል» ብቻ አልኳት። አሁን አልደብቅም፤ ኮርቼብሻለሁ።

ይኸውልሽ፣ ትናንት ደግሞ አሸዋ የሚያመላልስ ባለ መኪና ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር አመጣልኝ። ፒስተኑ ከብሎኩ አፍ በላይ ሰባት አስረኛ ሚሊሜትር ብቅ ይላል፤ አራቱንም ለክቻለሁ። ጓርኒሲዮኗ በሦስት ዓይነት ውፍረት ትመጣለች። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ወፍራሟ ሄደና መለስኩት። ሰውዬው ሲያጣድፈኝ «አንድ ሰው ሳልጠይቅ አልገጥምም» አልኩት።

«በዚህ ሰፈር ደግሞ ከአንተ በላይ ማን አለና ነው?» አለኝ።

«እዚህ ሰፈር አይደለችም» አልኩት።

ቴስታታው ጠረጴዛ ላይ ነው። የትኛዋን ልግጠም?

አባትሽ