ሳትሞቺ ያለቀሱልሽ ሰዎች

እትዬ አየለች፣ ሰላምታውን በኋላ አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ የዛሬ ጠዋቱን ልጻፍልሽ። ጎህ ሳይቀድ ውሻው ጮኸ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋቢዬን ደርቤ ብከፍት የዕድራችን ዳኛ ኦቦ ለሜሳ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞልተውታል። ኦቦ ለሜሳ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ እንኳ አላሉኝም። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ መርዶ ነው። ወዲያው ቤተሰቡን በልቤ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ሲንቄ ከኋላዬ ቆማለች። ከልጆቻችን ሀና ጉደር ካምፓስ ናት። ጋዲሳ ትናንት ለሥራ ወደ ጌዶ ወጥቷል። አንቺ ጁባ። "ማን ነው?" አልኩ። ኦቦ ለሜሳ ክንዴን ያዝ አድርገው "ጀባዱ ወሰኑ፣ በርታ። አየለች የሁላችንም እህት ነበረች" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከሆነው አብዛኛውን ሲንቄ ናት የነገረችኝ፤ እኔ መሬት ላይ ነበርኩ።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይኸው፣ ከልቤ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጣል። እንደምን ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትወስጃለሽ? የጁባ ሙቀት እንቅልፍ ይሰጥሻል? ልጅሽ አቢጊያ እንዴት ናት፣ ባሏ ዮሐንስስ? ምግብ ቤታችሁ ሰው ይገባዋል? እኔ ጨጓራዬ አልፎ አልፎ ከመነካካቱ በቀር ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ሲንቄም ደህና ናት፤ ከጠዋቱ ጩኸት ድምጿ ተዘግቶ በምልክት ነው የምታዘኝ።

አንቺን የገደልኩሽ እኔው ነኝ፣ እትዬ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። ባለፈው ስትደውዪ፣ ማታ ማታ ምን እንደምሠራ ጠይቀሽኝ ነበር። ቀን ያው ቢሮ ነኝ፣ መዝገብ ቤት ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። ማታ አንደኛ ሬዲዮ እሰማለሁ። ሁለተኛ ጎረቤታችን ካለው ባለባጃጅ ከቀንዓ ጋር ዳማ እጫወታለሁ፣ ሁልጊዜ እሱ ይበላኛል። ሦስተኛ እጽፋለሁ። ያ ድሮ ለሬዲዮ የምልከው ደብዳቤ፣ ስሜ ሲነበብ ጎረቤቱን ጠርተሽ ታሰሚበት የነበረው፣ አሁን ፌስቡክ ላይ ሆኗል። ሀና በወንዛችን ስም 'ከሁሉቃ ማዶ' የሚል ገጽ ከፍታልኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ውለታ የዋሉልኝን ሰዎች አንድ በአንድ እጽፋለሁ። በመጀመሪያ የሂሳብ አስተማሪዬን ጻፍኩ፣ ቀጥሎ እግሬ ሲሰበር ያሹኝን ወጌሻ፣ ከዚያ አዲስ ዓለም ማርያም ለንግሥ ሄጄ ስታመም ቤታቸው ያስታመሙኝን ሴትዮ። ሦስቱም አርፈዋል፤ ስለዚህ ከፎቷቸው ሥር የምትበራ የሻማ ምልክት አስቀምጥ ነበር።

ትናንት ተራው ያንቺ ነበር። ያን ሹሩባ ተሠርተሽ ፎቶ ቤት የተነሳሽውን አገኘሁት። እናትም አባትም ሆነሽ እንዳሳደግሽኝ፣ አንቺ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሽ መናኸሪያ ቲማቲም እየሸጥሽ እኔን አሥራ ሁለተኛ እንዳደረስሽኝ፣ አንቺ ባትኖሪ ስሜን እንኳ መጻፍ እንደማልችል ጻፍኩ። ሻማዋንም ከልማድ አስቀመጥኳት፤ ለእኔ እንዲሁ ደስ የምትል መብራት ናት። ዳታው እንዳይበላብኝ ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ። ከተማው ሲያነብ አምሽቷል። ሲደውሉልኝ ስልኬ ዝግ ነው፤ ሐዘን ከብዶት ነው አሉ።

ጠዋት እንግዲህ እነሱ እኔን ሊያጽናኑ መጥተዋል፣ እኔ ሊያረዱኝ የመጡ መስሎኛል። አብረን አለቀስን። ንፍሮው ተጥዷል፣ ጎረምሶቹ የድንኳኑን ብረት ማቆም ጀምረዋል። ኦቦ ለሜሳ አጠገቤ ተቀምጠው መቼ እንደሰማሁ ጠየቁኝ።

"አሁን ነዋ፣ ከእናንተ" አልኳቸው።

"እኛ እኮ ካንተ ነው የሰማነው፣ ወሰኑ።"

ስልኬን ከትራሴ ሥር ፈልጎ ያመጣው ቀንዓ ነው። ደወልኩልሽ፣ እምቢ አለ። ደገምኩ፣ እምቢ አለ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን አውቄአለሁ፣ ግን ስልክሽ ባለመነሳቱ ስህተቱ እውነት ሆኖ ቢገኝስ እላለሁ። ለቀስተኛው ሁሉ እጄን ያያል። ይለቀስ ወይስ ይቅር፣ ያወቀ የለም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ለቅሶው ጭራሽ እንዳይቋረጥ ብላ በቀስታ ማልቀሷን ቀጠለች። አቢጊያ ጋ ስደውል ነው አንቺ ያነሳሽው። "ምነው በማለዳ?" ስትዪኝ መናገር አቃተኝ፣ ለኦቦ ለሜሳ ሰጠኋቸው። "አየለች፣ አንቺ ነሽ?" አሉ። ማን ልበል አልሽ መሰለኝ። "ለሜሳ ነኝ፤ ለቅሶሽ ላይ ነን" አሉሽ። የሳቅሽው ሳቅ ደጅ ድረስ ተሰማ። ቀጥለሽ "ማን ማን አለቀሰ?" ብለሽ ጠየቅሽ። መስመሩ ተቆረጠ። በኋላ ስትደውዪ በስልክ አይሆንም፣ ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ፣ ቁጭ ብዬ ላንብበው አልሽ። ማክሰኞ ወደ ጁባ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ይኸው ጻፍኩልሽ።

አንደኛ፣ ኦቦ ለሜሳ። ዳኛ ስለሆኑ አላለቀሱም፣ ግን ድንኳኑን በሌሊት ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ነገሩ ሲታወቅ "ሰው ሳይሞት ድንኳን ያስተከለ አባል ምን እንደሚቀጣ ደንባችን ላይ የለም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እናስገባዋለን" ብለው ፊታቸውን አኮሰተሩ። ንፍሮው ከተቀቀለ ወዲያ እንዳይጣልም እሳቸው ፈረዱ። በልተን ተነሳን። በሕይወት ላለ ሰው ንፍሮ የበላን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ሁለተኛ፣ ቀንዓ። ሰፈራችን የገባው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ መልክሽን አያውቀውም። አይደብቅም፣ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ያለቀስኩት ለሷ አይደለም፣ አንተ ስትወድቅ አላስቻለኝም አለኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ስላለኝ አመሰገንኩ፤ ዳማ ስለሚበላኝም ከዛሬ ጀምሮ አላጉረመርምም።

ሦስተኛ፣ የመናኸሪያ ሴቶች። እሁድ ጠዋት ለነሱ ደህና ገበያ ነው፣ እሱን ትተው ነው የመጡት። አንዷ "ሚዛን ሳታጓድል የኖረች" እያለች ስታለቅስ፣ ጓደኛዋ ጎኗን ነክታ "እሱን እንኳ ተይው" ስትላት ሲንቄ ሰምታለች። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ የለሁበትም።

ከዚያ የሲንቄ ቤተክርስቲያን ሰዎች መጥተው በአንድ ጥግ በኦሮምኛ ይዘምራሉ፣ የእኛዎቹ በሌላው ጥግ ደረታቸውን ይመታሉ። ማንም ማንን ዝም በል አላለም። ለአንድ ጠዋት ሁለት ዓይነት ለቅሶ አግኝተሻል።

አሁን ስለ ስልኩ ትንሽ ልናገር፣ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ውያለሁ። መርዶ በእኛ ዘንድ ሰዓት አለው፣ ሰው አለው። ደካማ ካለ ይታሰብለታል፣ ውኃ ይያዛል፣ ሐዘንተኛው ሳይበላ አይነገረውም። ስልክ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ እያለ የአባቱን ሞት ያሳየዋል። ስምሽ ሥር 'ነፍስ ይማር' ያሉት ሰዎች ብዛታቸው አስፈራኝ፣ ግማሾቹ አምቦን ረግጠው አያውቁም። አንድ የማላውቀው ልጅ ፎቶሽን ወስዶ ቪዲዮ ሠርቶበታል፤ በሚያሳዝን ሙዚቃ ደመና ውስጥ ትገቢያለሽ። ጋዲሳ ከጌዶ ሆኖ በሕይወት አለች፣ አጥፋው ብሎ ቢጽፍለት፣ ብዙ ሰው አይቶልኛል፣ ትንሽ ይቆይ አለው። ሀናም ገጼ ላይ ይቅርታ ጠይቃ ደህና መሆንሽን ጻፈችልኝ። መኖርሽን የወደደው ሰው መሞትሽን አይቶ ካለቀሰው ሩቡን አያክልም። ተናድጄ ስልኩን ልሸጠው ሁሉ ነበር። ግን ደግሞ 'ምነው በማለዳ' ያልሽኝ በዚሁ ስልክ ነው። በድሮው ቢሆን መሞትሽ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ስንት ወር ንፍሮ እንበላ ነበር። ስለዚህ አልረግመውም። ገጹንም አልዘጋውም፤ ሻማዋን ግን አጥፍቻታለሁ። ደግሞ ወስኛለሁ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጽፈው በሕይወት ስላሉ ሰዎች ነው፣ እየሰሙ።

አንዷን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆይቻታለሁ። ባየሽ መጥታ ነበር።

አዎ፣ ባየሽ፤ ስምንት ዓመት ሰላም ያልተባባላችሁት ባየሽ። ሲንቄ እንደምትለው ከኦቦ ለሜሳም ቀድማ ደጃችን ደርሳ በጨለማ ብቻዋን ቆማ ነበር፣ ማንኳኳቱን ስላልደፈረች ሰው ስትጠብቅ። እኔ ከወደቅኩበት ሳልነሳ መሐል ገብታ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

ሳንታረቅ ሄድሽ ወይ የገበያ ጓዴ፣
ከእንግዲህ በማን ላይ ይከፋዋል ሆዴ።

ሴቶቹ ሁሉ ያን ጊዜ ነው የባሰባቸው። ቲማቲሙን አንድ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ እንደምትሸጡ፣ ዝናብ ሲመጣ አንድ ፕላስቲክ ለሁለት እንደምትለብሱ፣ ሁሉን ቆጠረችው። በሕይወት እንዳለሽ ሲታወቅ ሰው ሁሉ ሲስቅና ሲሳሳም እሷ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ "እንግዲያው ኩርፊያዬ አለ" ብላ ንፍሮውን ሳትቀምስ ወጣች። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ፊቷን አይቻለሁ፣ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ነው።

ከሰዓት ቤቷ ሄድኩ፣ ለማመስገን። አስገባችኝ። ስለ ጤናሽ ጠየቀችኝ፣ ስለ አቢጊያም ጠየቀችኝ፣ ዛሬም 'ልጃችን' ነው የምትላት። ከዚያ ወደ ግድግዳው እያየች እንዲህ አለች፦ "እናቴ አቢጊያን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችላት፣ እኛ ገበያ ስንውል። እናቴ የተቀበረች ሳምንት አየለች ሻንጣዋን ይዛ በደጃችን አለፈች። ለቅሶ አልደረሰችም፤ ከዚያም ወዲህ አንድ ቀን ደውላ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላለችኝም። እኔ ለሷ አለቀስኩ፣ ሰው ይመስክር። ለቅሶ ብድር ነው፣ ወሰኑ።"

ያኔ ወደ ጁባ ስትሄጂ መኪናው እንዳያመልጥሽ ስትሮጪ እንደነበር ነገርኳት፤ ሻንጣሽን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ንገራት አላለችኝም። አትንገራትም አላለችኝም። ስወጣ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ ስልኳ ያው የድሮው ቁጥር እንደሆነ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። እትዬ፣ እኔ ታናሽሽ ነኝ፣ አዛዥሽ አይደለሁም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስለማን እንደምጽፍ ግን ወስኛለሁ፤ ስለ ባየሽ ነው። ከዚያ በፊት ድምፅሽን ብትሰማ እመርጣለሁ።

ለእኔ ይህ ቀን ከማማረር ይልቅ የማመስገኛ ቀን ነው። መሞትሽን ሰምቼ መኖርሽን ያገኘሁት በአንድ ጠዋት ነው፤ ይህ ለብዙ ሰው አይደረግለትም። ማታ እንደ ልማዴ ያገኘሁትን በጎ ነገር በዝርዝር ልጽፍ ቁጭ ብዬ አንደኛ ብዬ ስምሽን ከጻፍኩ በኋላ ሁለተኛ የሚሆን አጣሁ።

አቢጊያን ሳሚልኝ፤ ዛሬ ስልኳን ባታነሳ ኖሮ ምን እንሆን እንደነበር ንገሪያት። ዮሐንስን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ሲንቄ በዘጋ ድምጿ ሰላም ብላሻለች፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር ከሞቀ ውኃ ጋር ጠጪ ካልሻት በስልክ መመለስ ስለማትችል በጽሑፍ ላኪላት። ሀና እጅ ትነሳለች፤ የፎቶሽን ሹሩባ ለራሷ እንዲሠሩላት ወስዳ አሳይታለች። ጋዲሳ ማታ በሰላም ገብቷል፣ አሁን አጠገቤ ተቀምጦ እራት ይበላል፣ አክስቴን ስለሞትሽ እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ ብሎኛል፤ ቀልዱ ነው። ቀንዓና ኦቦ ለሜሳ ሰላም ብለውሻል። ባየሽ ሰላም አላለችሽም።

ወንድምሽ ወሰኑ
አምቦ፣ እሁድ ኅዳር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላ ከፍቼ ይህን ጨመርኩ፤ ድንኳኑ ተመልሷል፣ የንፍሮው ድስት ታጥቦ ለባለቤቱ ሄዷል፣ ለመጡት ሁሉ ቤታቸው ዞሬ ምስጋናዬን አድርሻለሁ። ያልተከፈለው የባየሽ እናት ለቅሶ ነው።