የማይረሳ የይለፍ ቃል

የምወድሽ ልጄ፣

ደብዳቤዬ በሙሉ ጤንነት ታግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ገባለት። ሠላሳ ዓመት በጠመኔ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ዛሬ ግድግዳው ላይ በስክሪን ይታያል፤ ወንዙ እንኳ ሲፈስ ይታያል። ተማሪዎቹ ወደውታል። እኔን ግን ጠዋት ጠዋት የይለፍ ቃሉ ይጠፋኝና ክፍሉ ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። የኮምፒውተር ባለሙያው ሦስት ጊዜ ቀየረልኝ። በአራተኛው ሳቀና፣ «ጋሼ፣ እንቅልፍ ላይ ሆነው እንኳ የማይረሱትን ነገር ያድርጉት። ለምን የልጅዎን ስም አይሉትም?» አለኝ። ደስ ብሎኝ ያንኑ አደረግኩ።

ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ፊደሎቹ ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

«ቲቸር፣ ኮምፒውተሩ አልሠራም አለ እንዴ?» አለችኝ ከፊት የምትቀመጠው ተማሪ።

«አዎ፣ መብራት የለም» አልኳት፤ አምፖሉ ከራሳችን በላይ እየበራ።

ከዚያ ወዲህ ርእሰ መምህሯ ለክፍሌ ሌላ አስተማሪ እየፈለገች ነው። ይህን ለእናትሽ እንዳታነሺላት።

ስትመልሺልኝ እንደ ልማድሽ «ልጅህ» ብቻ ብለሽ አትፈርሚ። ስምሽን በትልቁ አጥርተሽ ጻፊልኝ።

ሰላምሽ ይብዛልኝ፤
አባትሽ